የልደቱ ዓሣና የአጎቴ ንግግር

ውድ አባቴ፣

ይህንን በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር። ግን ያውቁኛል፤ ድምፅዎን ስሰማ ገና ነገርዎን ሳይጨርሱ «እሺ አባቴ» የሚለው ቃል ከአፌ ያመልጠኛል። ባለፈው እሑድም ያው ሆነ። ወንድሜ ፔሌናቶ የጉዞ ወረቀቴን እንዳስጨረሰ፣ ኦክላንድ እሱ በሚሠራበት የፍራፍሬ ማሸጊያ ሥራ እንደተገኘልኝ፣ ከፋሲካ በኋላ ሳልዘገይ መምጣት እንዳለብኝ ነገሩኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ደርቄ ቀረሁ። ወጥ ሠሪዋ አውሊታ «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ። የሞተ ሰውስ የለም። እሺ ያልኩት ግን ከልቤ አልነበረም። ስለዚህ እጽፍልዎታለሁ፤ ወረቀት ላይ ቢያንስ አያቋርጡኝም።

ስለ ሥራዬ የሚያስቡትን አውቃለሁ። ለእናቴ ቀብር በመጡ ጊዜ ነግረውኛል። «በቤታችን ማገልገል ክብር ነው» አሉ። «ለአባትሽና ለአጎቶችሽ ታቀርቢያለሽ፣ እነሱ ሲጠግቡ አንቺ ትበያለሽ። ለማታውቂው ሰው በደመወዝ ሰሃን ማመላለስ ግን ምን ይባላል?» ያን ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁዎት። አሁን መልስ አለኝ። እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

አፒያ ከተማ የሆቴል ሥራ የማታ ትምህርቴን ስጨርስ የምሠራበት ምግብ ቤት ባለቤት ኢሜሊታ ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ አደረገችኝ። «እስከ ፋሲካ ልይሽ» አለች። ካልሆነልኝ ኦክላንድ ትልቅ ሆቴል ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ልታስመጣ ነበር። የሰውየውን ፎቶ ሳይቀር አሳየችኝ፤ ክራባት አስሯል። እዚህ እኛ ባሕር ዳር፣ በዚህ ሙቀት! አየሁትና ሳቅሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ችግሩ ምግቡ አልነበረም፤ አውሊታን ያውቋታል፣ እጇ ይባረክ። ችግሩ አስተናጋጆቹ ነበሩ። ሰነፍ ሆነው አይደለም። የሚያስተናግዱት በመጡበት ተራ ሳይሆን በዕድሜና በማዕረግ ነበር። ቀድሞ ያዘዘው ቱሪስት ሾርባውን ሲጠብቅ ፓስተሩ ብቅ ካሉ፣ አለቀ፤ ሾርባው ወደ ፓስተሩ ይሄዳል። የአስተናጋጆቹ አለቃ ኢዮሴፎ ነው፤ የጀልባ ሠሪው ልጅ፣ ያ ግዙፉ። «ኢዮሴፎ፣ እነዚያ ቀድመው ነው ያዘዙት» ስለው «አውቃለሁ እህቴ፣ ግን ልጆች ናቸው እኮ» ይለኛል። እሱ «ልጆች» የሚላቸው ፀጉራቸው የሸበተ የሜልበርን ሰዎች ናቸው።

አፒያ የተማርነው ቀላል ነበር፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። ለአፍ ዳገት የለውም። አስተናጋጆቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው፣ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ገቡና ሁሉም ነገር እንደነበረ ሆነ። ልቆጣቸው አልቻልኩም። እኔም ትሪ ይዤ ብሆን እግሬ ወደ ሽማግሌው ነው የሚሄደው፤ እንዲያ አድርገው ነዋ ያሳደጉኝ።

ነገሩ የለየለት ከወር በፊት አንድ ቅዳሜ ዕለት ነው።

ከብሪዝቤን የመጡ ቤተሰቦች የእናታቸውን የወይዘሮ ዶሪንን ሰማንያኛ ዓመት ሊያከብሩ ቀደም ብለው ቦታ ይዘው ነበር። ጠረጴዛዎቹን ገጣጥመን በአበባ አስጌጥንላቸው። አውሊታ አንድ ትልቅ ቀይ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ከጠዋት ጀምሮ በጋለ ድንጋይ ውስጥ ቀበረችላቸው። እንዲህ ያለ ዓሣ በየቀኑ አይገኝም፤ ሌላ አልነበረንም። ወይዘሮ ዶሪን ቀጭን፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ፣ የሚያልፈውን አስተናጋጅ ሁሉ ስሙን እየጠየቁ የሚያመሰግኑ ሴት ናቸው። ኢሜሊታም ከአፒያ መጥታ ባንኮኒው ጋ ተቀምጣለች። ልታየኝ ነው የመጣችው፣ አልደበቀችኝም።

ኢዮሴፎና ጓደኛው ዓሣውን በሰፊ ትሪ ተሸክመው ወጡ። የዶሪን ልጆች ስልካቸውን አንስተው መቅረጽ ጀመሩ። ልክ በዚያች ቅጽበት ወንድምዎ፣ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ በእርስዎ ፋንታ በመንደሩ ስም የሚናገሩት፣ የተናጋሪውን በትርና ጭራ የያዙት አጎቴ ሌታኡ፣ ከሳቫይ ደሴት የመጡ አምስት አለቆች አስከትለው ገቡ። ቦታ አላስያዙም፤ በዕድሜያቸው የትም ቦታ አስይዘው አያውቁም። ወንበርም አልመረጡም። ለእያንዳንዱ አለቃ የራሱ ምሰሶ እንዳለበት እንደ መንደሩ መሰብሰቢያ ቤት፣ የተናጋሪው ምሰሶ የቱ እንደሚሆን አይተው ከሥሩ ባለው ጠረጴዛ ቁጭ አሉ። ኢዮሴፎ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ዞረ። ዓሣውን ወስዶ አጎቴ ፊት አስቀመጠው። በኋላ «እግሬ ራሱ ነው የዞረው» አለኝ፤ አምነዋለሁ።

የዶሪን ትልቁ ልጅ ብድግ ብሎ «ያ ዓሣ የእናቴ አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ኢሜሊታ ከባንኮኒው በዓይኗ «አንሺው» አለችኝ። አባቴ፣ አለቃ ፊት የቀረበ ምግብ እንደማይነሳ ለእርስዎ አልነግርም። ባነሳው አጎቴ በሳቫይ እንግዶቻቸው ፊት ይዋረዳሉ፤ በማግስቱ የመንደሩ ጉባኤ መንገዱን ይዘጋብናል፣ ምግብ ቤቱም ያበቃለታል። ብተወው የሴትዮዋ ቀን ይበላሻል፣ ኢሜሊታም ባለክራባቱን ትጠራለች። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል።

ከዚያ ትምህርት ቤት ያላስተማሩኝን አደረግሁ። በተተኮሰው የሥራ አስኪያጅ ቀሚሴ አጎቴ ፊት ሄጄ፣ እግሬን አጥፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለተቀመጠ ታላቅ ሰው ቆሞ መናገር ብልግና መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ኢሜሊታ እጇን ግንባሯ ላይ ስትጭን በጎን አየኋት።

«አጎቴ፣ የክብር ቃል ቢያንሰኝ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ዛሬ በመንደርዎ እንግዳ አለ። ባሕር አቋርጠው የመጡ የሰማንያ ዓመት እናት ናቸው።»

አጎቴ ዓሣውን አዩ፣ እኔን አዩ። «እና?»

«እናማ እርስዎ እዚህ እንግዳ አይደሉም። ምድሩ የእርስዎ ነው፤ ባለቤት ደግሞ እንግዳው ሳይቀምስ አይቀምስም። ይህ ዓሣ ለእናቲቱ በማን ስም ይቅረብ? በእኔ ስም ከሆነ የታዘዘ ምግብ ነው። በእርስዎ ስም ከሆነ ግን ለልጅ ልጅ ያወሩታል።»

ከሳቫይ አለቆች አንዱ ፈገግታውን ሲውጥ አየሁት። አጎቴ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«አንቺ» አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ምሳዬን በክብር ልትቀሚኝ ነው?»

«አዎ አጎቴ» አልኩ። ምን ልበል?

ከዚያ በትራቸውን ይዘው ተነሡ፣ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጊዜ ዳንኩ ማለት አልነበረም። ጉሮሮ የጠረገ ተናጋሪ በቀላሉ እንደማይቀመጥ እኛ እናውቃለን። ስድስት የተራቡ አለቆች አሉ፣ በእጄ የሚቀርብላቸው ምንም የለም።

ግን አባቴ፣ እኔ እርስዎ ሲናገሩ ከጀርባዎ ተቀምጬ ያደግሁ ልጅ ነኝ። የትኛው ክፍል የትኛውን እንደሚከተል ከዳዊት አብልጬ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ለፈጣሪ ምስጋና፣ ከዚያ የመንደሮቹ የክብር ስም፣ ከዚያ የባሕሩና የጉዞው ነገር፣ ከዚያ እንግዳው፣ መጨረሻ ምርቃት። ዓሣው እንዳይቀዘቅዝ በሙዝ ቅጠሉ መልሼ ሸፈንኩትና ወጥ ቤት በር ላይ ቆምኩ። አውሊታ ትናንሽ ዓሦች፣ ጎደሬና በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል እንዳላት ነገረችኝ።

«ገና ፈጣሪን እያመሰገኑ ነው» አልኳት፣ «ዘይቱን ጣጂ።»

«የት ደረሱ?» ትለኛለች ትንሽ ቆይታ።

«መንደሮቹ ላይ ናቸው። ክተቺው።»

«አሁንስ?»

«ባሕሩን ጀመሩ። ገልብጪው።»

አጎቴ ወደ ምርቃቱ ሲደርሱ ስድስት ሰሃን እየጨሰ ተሰልፎ ነበር። ንግግሩን የተረጎመው ኢዮሴፎ ነው፤ ያንን ሁሉ ወርቅ የሆነ ቃል «እንኳን ደህና መጡ፣ ብዙ ዓመት ይኑሩ ይላሉ» ብሎ ጨረሰው። ቢሆንም በቂ ነበር። አጎቴ ጭራቸውን ይዘው ከፊት፣ ኢዮሴፎ ዓሣውን ይዞ ከኋላ ሄዱ። ወይዘሮ ዶሪን ተነሥተው አጎቴን እቅፍ አደረጓቸው። አጎቴን በአደባባይ ያቀፈ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እሳቸውም እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። የሳቫይ አለቆች ሳቃቸውን ለቀቁት። አጎቴ ሲመለሱ የስድስቱም ምሳ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። በር ላይ ቆሜ የአጎቴን ንግግር ስከታተል ዓይኔ እንባ አቀረረ። ንግግሩ የእርስዎ ነበር፤ አጎቴ እርስዎ የሚወስዱበት ቦታ ላይ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ እርስዎ የሚለውጡበት ቦታ ላይ በትሩን ከእጅ ወደ እጅ ይለውጣሉ። ናፈቁኝ፤ በጣም ናፈቁኝ። እንዲያም ሆኖ አፌ «ገልብጪው» እያለ ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ኢሜሊታ ጠራችኝ። «ሥራ አስኪያጅ ወለል ላይ አይቀመጥም» አለች።

«እዚህ ይቀመጣል» አልኳት።

ቀሚሴ ላይ የቀረውን አቧራ አየች፣ ባዶውን የዓሣ ትሪ አየች። «ለኦክላንዱ ሰው እንዳይመጣ እነግረዋለሁ» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። እሷ ከዚህ በላይ ስታመሰግን የሰማ የለም።

አጎቴም ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙ። «ወንድሜ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ሰሃን ታመላልሳለች ልበለው?» አሉኝ። «ያዩትን ይንገሩት» አልኳቸው። «ሰውን ሁሉ በሚገባው ቦታ ታስቀምጣለች እለዋለሁ» አሉ። እስካሁን ካልነገሩዎት ስለ ዓሣው አፍረው ይሆናል። አሁን ግን ሳይደውሉ አይመጡም። «ሌታኡ ነኝ፣ ለአራት ሰው» ይላሉ በዚያ በሚያስገመግም ድምፃቸው፤ ስልኩን ያነሣው ልጅ ሁሉ ከተቀመጠበት ይነሣል።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ። ሁሉም በመጣበት ተራ ይስተናገዳል፤ በቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ግን፣ አለቃም ይሁን ቱሪስት፣ ሾርባ በነጻ ቀድሞ ይቀርብለታል። ልጆቹ ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። የአክብሮት ጥማታቸው በሾርባው ረካና የቀረውን በተራው ማድረስ ጀመሩ። ችግር አልጠፋም ብዬ አልዋሽም። አንድ ቀን ኢዮሴፎ ከሲድኒ ለመጣች ሴት ሾርባውን በሁለት እጁ አቅርቦ «ደስ ይበልዎ፣ ከሁሉም ያረጁት እርስዎ ነዎት» አላት። አልበላችም። ባሏም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፣ እሱ ላይ ይበልጥ ተናደደች። ኢዮሴፎ እስከ ዛሬ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ «ሰው ተከብሮ ይቀየማል?» ይለኛል። አሁን ሾርባውን ዝም ብሎ እንዲያስቀምጥ ተስማምተናል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ።

አልመጣም፣ አባቴ።

ይህን ቃል ለእርስዎ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጽፌው አነበብኩት፤ አልሰረዝኩትም። እርስዎን ንቄ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ፍራፍሬ ማሸግም ነውር አይደለም፤ ፔሌናቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት ሥራ ነው። እኔ ግን የምሠራውን አግኝቻለሁ፤ ጎበዝም ነኝ። ማን የት ይቀመጥ፣ ማን ቀድሞ ይብላ፣ ማን ሳይከፋው ይጠብቅ የሚለውን ከእርስዎ እግር ሥር ተምሬ ሌላ አገር ሄጄ ሳጥን ላይ ወረቀት ስለጥፍ አልኖርም። ለባዕድ ማገልገል ምን ይባላል ብለው ነበር። የእርስዎን ሥራ መሥራት ይባላል።

በስልክ «እዚህ ብርድ ነው» ብለውኛል። ብቻዬን ነኝ አላሉም፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፍዎ አይወጣም። ገብቶኛል። ስለዚህ እኔን ከመጥራት ይልቅ እርስዎ ይምጡ። ቤትዎን አስጠግኜዋለሁ፣ ከሥራ እስክመለስም አጎቴ አሉልዎት፤ የሚከራከሩት ወንድም ካገኙ ብርዱን ይረሱታል።

ምግብ ቤቴም ይመጣሉ። በትርዎን ይዘው ይግቡ፣ ኢዮሴፎ ያየዎትና እግሩ ራሱ ወደ እርስዎ ይዞራል፤ እኔ ግን ከእርስዎ ቀድመው የመጡትን አላስነሣም። ተራዎን ይጠብቃሉ። ተራዎ ሲደርስ ሰሃኑን በሁለት እጄ ራሴ አመጣለሁ፣ ፊትዎ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስኪውጡም አልንቀሳቀስም። ከዚያ እነሣለሁ። ሌሎች ጠረጴዛዎች ይጠብቁኛል።

ልጅዎ ሳይሊ፣
የምግብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ