እማማ ዘመነች ያሳረፉት ጄት

አየር ጤና፣ ሐምሌ 1981 ዓ.ም.

ውድ ወንድምዓለም ወንድይፍራው፣

ጤናህን ልጠይቅህ አይደለም የምጽፈው። ደህና መሆንህን ከጅማ የመጣው የሥራ ባልደረባህ ነግሮኛል፤ እንዲያውም ወፍሯል አለኝ። እኔ ግን እዚህ በአንተ ጣጣ ከስቻለሁ።

ይሄ ሁሉ የመጣው በዚያ በተረገመ ጌም ነው። ለፋሲካ መጥተህ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከቢሮ ልትወስደኝ ስትገባ፣ ሥራ ጨርሼ ፈረንጁ አለቃዬ በዲስክ ያመጣውን የጄት ውጊያ በኮምፒውተሩ እየተጫወትኩ ነበር። አንተ የሶማሊያን ጦርነት በተዋጊ ጄት ላይ ያሳለፍክ ሰው ነህ። ወገብህ ተጎድቶ ማብረር ካቆምክ ወዲህ ግን ስለ አውሮፕላን አንዲት ቃል ተንፍሰህልን አታውቅም። ደስ ይለዋል ብዬ፣ «ና እስቲ ሞክረው» አልኩህ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ውጊያውን ዝም ብለህ ጨረስከው። ጣጣው የመጣው ስታሳርፍ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልከኝ።

«ማረፍ ነዋ!»

«ሞተሩን ዘጋሁት እኮ! ተዋጊ ጄት ኃይሉን ከቀነስሽበት እንደ ድንጋይ ነው የሚወድቀው። ይሄ እንደ ላባ ይንሳፈፋል እንዴ?»

ከዚያ ሆን ብለህ በአፍንጫው መሬት ላይ ተከልከው። ጌሙ በእንግሊዝኛ «ጎበዝ!» ብሎ ጻፈልህ። ጠረጴዛውን በቡጢ ስትመታው ዘበኛው ሳይቀር ሮጦ መጣ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። ምሳ ቀርቦ አንተ መዳፍህን በጠረጴዛው ላይ እያንሸራተትክ፣ «ጎማው መሬት ሊነካ ሲል አፍንጫውን ቀስ አድርገሽ ታነሺዋለሽ። መድረስሽን ዓይንሽ ሳይሆን መቀመጫሽ ነው የሚነግርሽ» ትለኛለህ። ታክሲ ውስጥ እንኳን አላረፍክም፤ ሹፌሩ ፌርማታ ላይ ሲያቆም፣ «አየሽ፣ ከዚያ ጌም ይሄ ሰውዬ ይሻላል» ብለህ ሰው ፊት አሳፈርከኝ። በመጨረሻ አንጀቴ አርሮ ጮህኩብህ፦

«ቆይ፣ የጌም አወራረድ ቢሳሳት ማን ይሞታል?»

አንተም፣ «ተክለማርያም ሞቷል» አልከኝ።

ጓደኛህ ተክለማርያም መሞቱንማ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እንዴት እንደሞተ ግን የዚያን ቀን ነው የነገርከኝ። የአውሮፕላኑ ጅራት ተመትቶ፣ አፍንጫው አልነሳ እያለው እስከ ጦር ሰፈሩ ድረስ ይዞት መመለሱን። በጃንጥላ ልዝለል ወይ ብሎ በሬዲዮ ሲጠይቅህ፣ «አይዞህ፣ ታሳርፈዋለህ» ያልከው አንተ መሆንህን። ይህን ስትነግረኝ አልቅሻለሁ፤ አሁንም ሳስበው ያስለቅሰኛል። ንዴቴ በዚያ አይደለም።

ንዴቴ ማግስቱን ባደረግከው ነው። ዘነበወርቅ ሰፈር፣ የተክለማርያም እናት ቤት ይዘኸኝ ሄድክ። እማማ ዘመነች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ «ሰማይ ላይ ነው የሞተው፣ ምንም ሳይሰማው» ያልካቸውን አምነው የኖሩ ሴት ናቸው። አንተ ገና ሳትቀመጥ፣ «እማማ፣ ሰማይ ላይ አልነበረም። ተመልሶ ሊያርፍ ሲል ነው» አልካቸው። «እንዴት አድርጎ ልጄ?» ብለው ሲጠይቁህ ኮፍያህን አንስተህ ወጣህ። በነጋታው የጅማ አውቶቡስ ላይ ነህ! ግማሹን ተናግረህ ግማሹን ለማን ነው የተውከው?

ለእኔ ነዋ። ከዚያ ወዲህ እማማ ዘመነች ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራችንን ሳያንኳኩ አያልፉም። ነገሩ ከኮምፒውተር ጨዋታ መነሳቱን ነግሬያቸው ስለነበር፣ «ያ ወንድምሽን ያናገረው መኪና የታለ? እስቲ አሳዪኝ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ መብራት የለም፣ አንድ ጊዜ አለቃዬ አለ እያልኩ ብዙ ሸሸሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ተሸንፌ ቢሮ ወሰድኳቸው።

ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ በየትኛው ነው የሚነዳው?» አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ይሰለቻቸውና ነገሩ ያበቃል ብዬ ነበር። አረፈላቸው! እንደነገሩ ተጭነውት፣ ጎማው መሬት ሲነካ ንቅንቅ እንኳን አላለም።

«ምን ብሎ ጻፈ?» አሉኝ።

«ጎበዝ ነው የሚለው።»

ስክሪኑን ብዙ አዩት። ከዚያ ዞር ብለው፣ «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት በአንድ ጣቴ ካሳረፍኩት፣ ልጄን ምን ነካው? ይሄን ያህል ሰነፍ ነበር?» አሉኝ።

ወንድምዓለም፣ ያን ጊዜ ያንን ኮምፒውተር አንስቼ በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ። «ውሸት ነው እማማ! ይሄ ጨዋታ ነው፤ እውነተኛው እንዲህ አይደለም!» አልኩ። ስለ ክብደቱ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለተመታው ጅራት የነገርከኝን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም እማማ።»

«እንግዲያው የነበረው ይንገረኝ» ብለው ተነሱ።

የሬዲዮውን ነገር አልነገርኳቸውም። እሱ የእኔ አይደለም። ስትነግራቸው ይረግሙህ ይሆናል፣ ይቅር ይሉህም ይሆናል፤ እኔ አላውቅም። ግን ልጄ ሰነፍ ነበር እያሉ ከሚያረጁ ቢረግሙህ ይሻላል። አይመስልህም?

አሁን ስማኝ። ትናንት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። በሰባ ዓመታቸው፣ በዚህ ክረምት፣ ጅማ ድረስ! «አንተ ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ በይው» ብለውኛል። ሰኞ ካልደረስክ እኔው ራሴ አሳፍሬያቸው፣ ለሹፌሩ አደራ ብዬ እመለሳለሁ። አንተም መናኸሪያው ላይ ቆመህ ትቀበላቸዋለህ። የፈለግከውን ምረጥ፤ እኔ ከእንግዲህ የአንተን አፍ ሆኜ አላወራም።

በጣም የተቀየመችህ፣ ብትመጣ ግን በሩን የምትከፍትልህ፣
እህትህ አጸደ