ለመሄጃ ብቻ የሚበቃ ባትሪ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? አክስቴን ደጋግመህ ሳምልኝ። ስልኩንማ ትተነዋል፤ አንተ «እህ?»፣ እኔ «ምን አልክ?» ስንባባል ሰው ሁሉ የተጣላን ይመስለዋል። ዓይንህ ግን እንኳን የእኔን ጽሑፍ ከሰው ከንፈር ላይ ሐሜት ስለሚያነብ፣ መጻፉ ይሻላል ብያለሁ።

ወሬ አለኝ። እሜቴ ተነሳች! አዎ፣ ያቺ ጋራዡ ጥግ ትተሃት የሄድካት ፒክአፕህ። አሮጌ ሞተሯን አውጥተን በኤሌክትሪክ ሞተር ተካነው፤ ነዳጁ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ባትሪ ገባ። ይኸው ፊትህ ሲኮሳተር ታየኝ። ቆይ እንጂ፣ ጨርሰህ አንብብና ትቆጣለህ።

ያ ናፍጣ የጠፋ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ከሆቴሉ ወጥ ቤት ዓሣ የተጠበሰበትን ዘይት ለምነህ፣ በእማዬ ሻሽ አጥልለህ፣ እሜቴን በእሱ አስነሳሃት። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ተከተለን። እማዬ በሀፍረት ፊቷን ሸፍና፣ አንተ መሪው ላይ ሆነህ እንባህ እስኪፈስ ትስቃለህ። በማግስቱ ብርድ ሆነና ዘይቱ ረግቶ መንገድ ላይ ቀረን። ስንገፋት «መሆኑማ ሁሉም ይሆናል ልጄ፤ መክረሙን ነው መጠየቅ» አልከኝ።

ዛሬም አብሮኝ የሚሠራው መሐንዲስ አዲስ ነገር ይዞ በመጣ ቁጥር የምመልስለት እሱን ነው። ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ እንግጠምላት አለ። መሆኑማ ይሆናል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተገትራ የምታገኘው የእኛን ዳገት አያስጨርሳትም። ደግሞ በሃይድሮጂን የሚሄድ፣ በጭስ ፈንታ ውሃ የሚያወጣ መኪና አለ ብሎ ተረከልኝ። አንተ እዚህ ብትሆን «ታዲያ ከኋላው ሳፋ ደቅኑና ልብስ እጠቡበት» ትል ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ሃይድሮጂኑን ከየት ልንቀዳ ነው? ማደያው የት አለና! ባትሪ ግን ሶኬት ያለበት ቤት ሁሉ ማደያው ነው።

አባዬ፣ ለምን እንደሄድክ አውቃለሁ። ለሰው «ጋራዡ ብርድ ነው፣ ጉልበቴን ጎዳኝ» ነው ያልከው። ለመጨረሻ ጊዜ መኪና ያዳመጥክ ቀን ግን አጠገብህ ነበርኩ። እንደ ልማድህ የካቻቢቴህን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ አዳመጥክ። ሞተሩ ሲንኳኳ እኔ የቆምኩበት ድረስ ይሰማል። አንተ ፈገግ ብለህ «ደህና ናት» አልክ። ከዚያ ፊቴን አየህ። ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠርገህ ግድግዳው ላይ ሰቀልከው፤ ብዙም ሳትቆይ ሻንጣህን ይዘህ አክስቴ ጋ ሄድክ። «ጆሮዬ ከዳኝ» ማለት ሞት ሆነብህ። እኔ እኮ ጆሮህን አይደለም የምፈልገው፤ አንተን ነው። ያኔ በሩ ላይ ቆሜ ይህን ልልህ ሲገባኝ ሻንጣህን አቀበልኩህ።

ደግሞ ልንገርህ፣ እነዚህ አዳዲስ መኪኖች ድምፅ የሚባል ነገር የላቸውም። እዚህ ሁላችንም ደንቁረናል! ባለፈው እሜቴን ስንሞክራት የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ኮምፒውተሩ ምንም የለም አለ። መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ፤ አንተ አዳምጠህ ስታበቃ «ሰላም ልበላት» እያልክ እንደምታደርገው። ከመዳፌ ስር አንዲት ቀጭን መንቀጥቀጥ አለች። ብሎን ላልቶ ይሁን ዘንጉን የያዘው ኩሽኔታ ተበልቶ ግን መለየት አቃተኝ። ሁሉንም ፈታታን፤ ኩሽኔታው ነበር። የአንተ መዳፍ ቢሆን ይለየው ነበር፤ እኔ ገና ነኝ፣ የሚያስተምረኝ ያስፈልገኛል።

እሁድ እመጣለሁ፣ በእሜቴ። ባትሪዋ አንተ ጋ ያደርሰኛል፤ አይመልሰኝም። መሐንዲሱ «አንድ ባትሪ እንጨምርና ደርሰሽ ተመለሺ» ቢለኝ እምቢ አልኩት። ክብደቱ ዳገት ላይ ይይዛታል ብዬ ነው የመለስኩለት። እሱም እውነት ነው፣ ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። በአውቶቡስ በመጣሁ ቁጥር ገና አረፍ ሳልል «ይመሽብሻል፣ ተነሺ» ትለኛለህ። እስቲ አሁን አባርረኝ! የባትሪዋ መሙያ ገመድ በሳሎኑ መስኮት ይገባል፣ እሜቴ ተሰክታ ታድራለች፣ እኔም አድራለሁ። አክስቴ ለአንድ ቀን ሬዲዮዋን ከሶኬቱ ትንቀልልኝ።

ጠዋት ወጥተህ መዳፍህን አሳርፍባት። ሰላም በላት። ትከርም እንደሆነ አንተው ንገረኝ፤ ከዚያ ከጎኔ ተቀመጥና ወደ ጋራዥህ እንሂድ። ካቻቢቴህ ከሰቀልክበት አልወረደም።

አልመጣም ካልከኝ ግን ገመዱን ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ። ባትሪዋ ካልሞላች የትም አልሄድም፤ ያን ጊዜ እንዴት አድርገህ «ተነሺ» እንደምትለኝ አያለሁ።

ጭንህ ላይ ተቀምጣ መሪ የጨበጠችው
ልጅህ