ሁሉም ቤት አንደኛ የሆነበት ሰፈር

ማስ ጋሊህ፣ ወንድሜ፣ ለፓክ ሱሮሶ ልጽፍ ነውና እንዳትቆጣ። «ትልቅ ሰው ናቸው፣ መጀመሪያ ሰላምታ ስጥ» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ይኸው እሰጣለሁ።

ለተከበሩ የካሊዱረን ሰፈር ሊቀመንበር ለፓክ ሱሮሶ፤ የእርስዎ፣ የባለቤትዎና የቴሌቪዥንዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? የእኛ ቤት ከቀብሩ ወዲህ ጸጥ ብሏል። ስለላኩልን ሩዝና ቴምፔ፣ ስለዚያ ጥሩ የአኩሪ አተር ጥብስ፣ እናቴ ታመሰግናለች፤ እኔ የማመሰግንዎ በሌላ ነው።

አንደኛ፤ ለማስታወስ ያህል፣ የሞባይል ስልክ በማይሠራበት በዚህ ሸለቆ ወንድሜ ከማዶው ኮረብታ በአንቴና ያመጣውን ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ለሰፈሩ ሲያከፋፍል፣ በሰፈሩ የሌሊት ጠባቂዎች ጎጆ ውስጥ በተከለው ራውተር ላይ ተራ አበጅቶ ነበር፤ በዚሁ መስመር የሚደወለው የአዋላጇ የቡ ዋርሲህ ስልክ ከሁሉ በፊት፣ የተማሪዎች ትምህርት ቀጥሎ፣ ፊልምና ጨዋታ መጨረሻ። «ድምፅ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፣ መጠበቅ ግን አይችልም፤ ፊልሙ ይቆይ፣ ጀግናው እንደሆነ አይሞትም!» እያለ ያስቀን ነበር።

ሁለተኛ፤ ወንድሜ በደንጊ ትኩሳት ተኝቶ ሳለ፣ ማንንም ላለማስቀየም ሰፈሩን ሰብስበው «በጎረቤት መካከል ምን ማበላለጥ ነው? ሁላችንም አንደኛ እንሁን!» በማለት በሙሉ ስምምነት አስወስነው፣ ልጅዎ ተራውን ከራውተሩ ላይ እንዲሰርዘው ስላዘዙ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁሉም አንደኛ ሆኖ በአንድ በር ሲጋፋ ማን እንደሚቀር የታወቀው በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ በዚያው መስመር የባድሚንተን ፍጻሜ ሲመለከት፣ ቡ ዋርሲህ ከወንድሜ አልጋ አጠገብ ቆማ ሆስፒታል ስትደውል ነው። «ደም እየፈሰሰው ነው፣ አምቡ…» ትላለች፤ «ሃሎ? አይሰማም፣ ይድገሙት» ይሏታል። ደጋግማ ነገረቻቸው። በመጨረሻ በሞተር ብስክሌት ላይ መሐላችን አስቀምጠን ወሰድነው። ስልኩ ገደለው አልልም። ሐኪሙ ግን «ምነው ዘገያችሁ?» ብለውናል፤ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛ፤ በለቅሶው ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ ከላይ የተወሰነ ነው» ስላሉኝ። ከላይ የተወሰነውን እቀበላለሁ። በስብሰባ የተወሰነውን ግን አልቀበልም።

ሁሉም አንደኛ በሆነበት ሰፈር የመጨረሻ መሆንን የመረጠ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የሚነሳዎት፣
ሴኖ፣ የጋሊህ ወንድም፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከጋሊህ ጋር በምንጋራው ክፍል ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ወደ ጠባቂዎቹ ጎጆ ሄጄ ተራውን እንደነበረ መልሼዋለሁ፤ የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ፤ የእርስዎንም ቴሌቪዥን ከሁሉ በኋላ አሰልፌዋለሁ። ሌላ ስብሰባ ቢጠሩ እመጣለሁ፤ የይለፍ ቃሉን ግን አልናገርም። ከዚያ ቡ ዋርሲህ ቤት ገብቼ ሆስፒታል ደወልኩ። «አቤት፣ ማን ታመመ?» አለች አንዲት ሴት፣ አጠገቤ የቆመች ያህል ጥርት ብላ።

«ዛሬስ ማንም አልታመመም» አልኳት፤ «ይሰማል ወይ ብዬ ነው።»