ምንም የማይሠራው ፈጣን ፕሮግራም

ጥር 6
የፕሮግራም ትንተናና ለውጥ የሚባል ትምህርት ጀመርን። ፕሮግራሙን ሳናስነሳ ጽሑፉን ብቻ አይተን ምን እንደሚሠራ እንናገራለን፤ ከዚያ ትርጉሙን ሳንነካ እናሻሽለዋለን አሉ መምህሩ። ሲሠራ ሳያዩ መፍረድ... ለዚህም ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል? ጎረቤቶቼ ሁሉ ያውቁበታል።
እህቴ ደወለች። "በዚህ ዕድሜሽ ዲግሪ ምን ይሠራልሻል?"
ስልክ ለመዝጋት ምክንያት ይሆነኛል አልኳት። ዘጋሁ።

ጥር 14
ለፕሮጀክት ጥንድ ጥንድ ሆንን። የደረሰኝን ልጅ ጥድፊያ ብዬዋለሁ። "እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ" አለኝ። አዝኖልኝ? ምን በወጣው። ጣቴን በየመስመሩ እያስኬድኩ ሳነብ ማየት ያንገሸግሸዋል። ፊደል የቆጠርኩት ሸብቼ ነው፤ ምን ላድርግ...

ጥር 27
ለፕሮጀክቱ የምንሠራው መሣሪያ ራሱ ፕሮግራም ነው፤ የሌላ ሰው ፕሮግራም አንብቦ አላስፈላጊውን መስመር ይሰርዛል። የቱ ነው አላስፈላጊ? ውጤቱን ሌላ መስመር የማይጠቀምበት። ሕጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። "እማማ፣ ጨካኝ ነዎት" አለ ጥድፊያ፣ ደስ ብሎት። ከዘመዶቼ ጋር የኖረ ሰው ይህን ሕግ ለማውጣት መምህር አይፈልግም።

የካቲት 9
ጥድፊያ እየዘለለ መጣ። መምህሩ ለመሞከሪያ የሰጡን ፕሮግራም በመሣሪያችን ካለፈ ወዲህ እንደ መብረቅ ሆኗል። የተማሪ ውጤት ደምሮ ፋይል ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ፋይሉን ከፈትኩት። ባዶ።
የሚያስቀምጠው መስመር ለሌላ መስመር የሚያቀብለው ነገር የለውም፤ ተሰርዟል። የሚያስቀምጥለት ከሌለ መደመሩስ ለማን? እሱም ተሰርዟል። እንዲህ እያለ ሁሉም... ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ወዲያው ይተኛል። በዚህ ስሌት የእህቴም ባል ፈጣን ነው።

የካቲት 10
"የፍጥነቱን ሰንጠረዥ ብቻ እናሳይ። ፋይሉን ማን ይከፍታል?" አለ ጥድፊያ።
ማስረከቢያው ነገ ነው፤ ማስተካከያ ጊዜ የለም። ከወደቅን ሁለታችንም ዘንድሮ አንመረቅም። "እርስዎስ ለመጠበቅ ስንት ዓመት አለዎት?" አለኝ። ደፋር። ደግሞም እውነቱን ነው...
"ሥራችን ትክክል መሆኑን አረጋግጠናል" ከሚለው ሥር እንድፈርም ወረቀቱን አቀረበልኝ። ማንበብ ሳልችል አውራ ጣቴን ምን ምን ላይ እንዳተምኩ እግዜር ይወቀው። "ለአንቺው ነው የሚጠቅመው" ይሉኝ ነበር ዘመዶቼ። የአባቴ ቤት የሄደው እንደዚያ ነው። አሁን አንብቤ፣ ገብቶኝ... ልፈርም?

የካቲት 11
አልፈረምኩም። ባዶውን ፋይል ለመምህሩ አሳየሁ።
"የማን ሕግ ነው?"
"የኔ።"
"ትርጉሙን ሳትነኩ ነበር ያልኩት። እናንተ ነፍሱን አወጣችሁት።"
ወደቅን። እንደገና ልንወስደው ነው። ኮሪደሩ ላይ ጥድፊያ ዓይኑ ቀልቶ "አርፈው መቀመጥ አይችሉም?" አለኝ።
አርፌ በተቀመጥኩበት ዘመን አንተ አልተወለድክም አልኩት። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ማን ያየኛል?

ሐምሌ 3
ጓደኞቻችን ተመረቁ። ጭብጨባው ቤተ ሙከራው ድረስ ይሰማል። ጥድፊያ ደግሞ ከኔው ጋር ተመድቧል፤ በፈቃዱ። ሌላ ሰው አጥቼ ነው ይላል። ይበል።
አሁን ወደ ፋይል የሚጽፍን መስመር፣ ለእሱም የሚያቀብሉትን፣ መሣሪያችን አይነካም። ፕሮግራሙ አዘገመ፣ አዘገመ... ፋይሉ ሞላ። ድምሩን በእጄ እየደመርኩ አመሳከርኩ። ልክ ነው።
"ቀርፋፋ ነው" አለ አፉን አጣሞ።
"ይሠራል።"
ማረጋገጫውን ሳብኩና ፈረምኩ። ሙሉ ስሜን፣ እስከ አያቴ። እጄ ፈጣን አይደለም። ጥድፊያ እስክሪብቶውን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ ቆመ።
ይጠብቅ።