ወንዙ ጎድሏል

ሎስ አንጀለስ፣ መስከረም 27 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ክረምቱ እንዴት ወጣልሽ? ብርዱ ጉልበትሽ ላይ አልጠናም? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ፌርፋክስ እትዬ ቦሰና ምግብ ቤት እያስተናገድኩ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፤ ከደስታ ብዛት ትናንት ሽሮ ላዘዘ ሰው ጥብስ አቀረብኩለት። በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉንዱማ ደብዳቤ መጣልኝ። አሜሪካ ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩባትን የናይጄሪያ ገጠር ከተማ ታስታውሻለሽ? ትምህርት ቤቱ ቦታዬን መልሶ ሰጥቶኛል። የጻፈልኝ የሳይንስ አስተማሪው ያኩቡ ነው። ዝናቡ እያባራ ነው፣ ወንዙ ጎድሏል፣ የመጀመሪያው የጭነት መኪና ተሻግሯል ይላል። እዚያ ክረምቱን ሙሉ ወንዙ መንገዱን ይዘጋዋል። አሁን ኦቾሎኒ የሚነቀልበት ጊዜ ነው፤ ልጆቹ ኪሳቸውን ሞልተው ክፍል ይገባሉ፣ እኔ ማባዛት ሳስተምር እነሱ ልጣጭ ያንኮሻኩሻሉ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ስወጣ ወንዙ እስኪጎድል አልጠበቅኩም። የቪዛዬ ቀን ሊያልፍብኝ ሆነና በነሐሴ ተሻገርኩ። ያኩቡ ሻንጣዬን በራሱ ተሸክሞ፣ ክንዴን ይዞ አሻገረኝ። ውሃው እኔን አገጬ ጋ ሲደርስ የእሱን ደረት እንኳ አልነካም። ማዶ ስንደርስ፣ ሲጎድል ተመለሺ አለኝ። ሳቅኩበት። ይኸው አምስት ክረምት አለፈ፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እትዬ ቦሰና ሲሰሙ፣ ሲሪየስ ነሽ? ሰው ለግሪን ካርድ ይሞታል፣ አንቺ ጥለሽው ልትሄጂ? ብለው ጮኹብኝ። ወዲያው ደግሞ በርበሬ ቋጥረው ሰጡኝ።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። ዘይኑዲንን አላገባውም። የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ከእናቱ ጋር ቃል ተለዋውጣችኋል፣ ጋቢ ልታለብሺው ጥጥ መፍተል ጀምረሻል፤ ሁሉንም አውቃለሁ። ስለዚህ በሰው አልላክኩበትም፤ ኖርዝ ሆሊውድ ድረስ ሄጄ ራሴ ነገርኩት። የሚነዳው ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ የፊት መስታወቱን ወለወለ። ከዚያ፣ ኦኬ፣ ኤርፖርት ድራይቭ የማደርግሽ ግን እኔ ነኝ፣ ሌላ ታክሲ እንዳትጠሪ አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ለእናቱም ራሱ ሊጽፍላቸው ቃል ገብቷል። እኔን የሚያስፈራኝ ያንቺ ቅያሜ ብቻ ነው። መሄዱን እሄዳለሁ፤ ያለ ምርቃትሽ ግን ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።

ኢንሻላህ ጥቅምት ሃያ እነሳለሁ። ሻንጣዬን ስንት ጊዜ ዘግቼ እንደከፈትኩት ብታዪ ትስቂብኝ ነበር። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያበርታው፣ ዱዓሽ ከፊቴ ይቅደም።

መልስ መጻፍ ከከበደሽ ግድ የለም፣ ጋቢው ራሱ መልስ ይሆነኛል። ፈትሉን ለማንም እንዳትሰጪው፤ ቁመቱ ላይ ብቻ አንድ ክንድ ጨምሪበት፤ የሚለብሰው ወንዙ ደረቱን ያልነካው ሰው ነው።

ልጅሽ