ሰባቱ የሐምሌ ቀናት፦ የአቶ ሰብሃት አባተ የሕይወት ታሪክ (1953–2018 ዓ.ም.)

አቶ ሰብሃት አባተ ከአባታቸው ከአቶ አባተ ገሠሠ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛወርቅ ገብረጻድቅ ጥቅምት 12 ቀን 1953 ዓ.ም. በከፋ፣ ቢታ ገነት ተወለዱ። አባታቸው ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው በዚያው የቀሩ ጸሐፊ ሲሆኑ እናታቸው የአካባቢው ተወላጅ ነበሩ። ስለዚህ ከአባታቸው ጋር በአማርኛ፣ ከእናታቸው ጋር በካፊኖኖ እየተነጋገሩ አደጉ። ሁለቱም ቋንቋዎች በኋላ እንጀራቸው ሆኑ።

ይህንን ታሪክ የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ተሾመች አባተ ነኝ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሟችን ደግ ደጉን ብቻ እንዲያነሳ የተለመደ ነው። የወንድሜ ደግነት ግን አንድ ስሕተት ሳይነሳ ሊነገር አይችልም። በዚያ ስሕተት ምክንያት የሃያ ስድስት ዓመት ሥራቸው ወድቋል፣ ስማቸውም ጎድፏል። ጉድፉን ይዘው እንዲቀበሩ አልፈልግም። ስለዚህ ጽሑፉ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

አቶ ሰብሃት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በቢታ ገነትና በዋጫ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ በቦንጋ ተከታትለው አጠናቀቁ። ከዚያም ጅማ ሄደው በእርሻ ሙያ ለሁለት ዓመት ተማሩና በ1975 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። በግብርና ባለሙያነት በቢታና በጨና ወረዳዎች ለዘጠኝ ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጫካው ጠርዝ ላይ በተቋቋመ አንድ የመስክ ምርምር ጣቢያ በቴክኒሺያንነት ተቀጠሩ።

የጣቢያው ሥራ ብዙ ዓይነት ነበር። የዕፅዋት ተመራማሪው ቅጠል ሊሰበስብ፣ የአፈር ተመራማሪዋ ጉድጓድ ልታስቆፍር፣ የንብ ባለሙያው ቀፎ ሊመዝን፣ የወባ ሐኪሙ ትንኝ ሊይዝ ይመጣል። አንዱ የሌላውን ሥራ አያውቅም። ሁሉም ግን ከመኪና እንደወረዱ የሚጠይቁት ጋሽ ሰብሃት የት እንዳሉ ነበር። አፈር ቆፍሮ በፌስታል የሚወስድ እንግዳ ያየ ገበሬ ወርቅ ፈላጊ መጣ ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። ወንድሜ በካፊኖኖ ቁጭ ብለው ያስረዳሉ፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ገበሬው ሲያምን ደግሞ ጉድጓዱን እርሱ ራሱ ይቆፍራል። በእስክሪብቶ የሚጽፍ ተመራማሪ ካዩ ተቀብለው ኪሳቸው ይከቱና እርሳስ ይሰጡታል፤ በእኛ አገር ዝናብ ቀለም ወረቀት ላይ እንደማይቆይ ያውቃሉ። በዚህ የተነሳ ቤታችን የዶክተሮች እስክሪብቶ ሞልቶት ነበር።

ከሁሉ የበለጠ የደከሙበት የጫካ ቡናው ሙከራ ነው። ስድስት መቶ አርባ ችግኞች የቁጥር ታርጋ ታስሮባቸው፣ ግማሾቹ ጥላቸው ተመልምሎ፣ ግማሾቹ ጥላቸው እንዳለ ተትቶ፣ በየዓመቱ ቁመታቸው ይለካ ነበር። ችግኙ የሞተው በፀሐይ ነው ወይስ በዝናብ ማነስ የሚለውን ለማወቅ የየቀኑ ዝናብ መመዝገብ አለበት። የዝናብ መለኪያ ደግሞ ዛፍ የማይጋርደው ገላጣ ቦታ ይፈልጋል። በጣቢያው እንዲህ ያለ ቦታ ስላልነበረ መለኪያው እዚያው አጠገብ በነበረው በወንድሜ ግቢ ተተከለ። ጉልበት የሚደርስ የብረት ዕቃ ነው። በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይነበባል፣ ይደፋል፣ ቁጥሩ በደብተር ይጻፋል። ወሩ ሲያልቅ ወደ ቅጽ ተገልብጦና ተፈርሞ ለጣቢያው ይገባል። የሰፈሩ ሰው «ዝናብ ቆጣሪው» እያለ ቢያሾፍም፣ ያንን ዕቃ ማንም እንዳይነካው፣ ከብትም እንዳይጠጋው ይጠብቅላቸው ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ ብርቅዬ ተሰማ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። የሠርጋቸው ዕለት ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሚዜዎቻቸው በር ላይ እየጠበቁ፣ መለኪያውን አንብበው ነው የወጡት። ወሩ ጥር ስለነበር ዜሮ ሆነ፤ ዜሮም ቁጥር ነው ብለው ጻፉት። ከጋብቻቸውም ሔርሜላን፣ ኑኃሚንንና ሚሊዮንን አፈሩ።

ሔርሜላ አባቷን ትመስል ነበር። ሌሎች ልጆች ዝናብ ሲመጣ ሲያማርሩ እርሷ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሆን ትገምታለች። አብዛኛውን ጊዜ ትሳሳታለች፤ አባቷ ግን ግምቷን ሳይሰሙ ወደ መለኪያው አይሄዱም ነበር። ሐምሌ 8 ቀን 2003 ዓ.ም. በሦስት ቀን ሕመም፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ አረፈች። ወንድሜ ከዚያ በኋላ የኖሩት ግማሽ ሆነው ነው።

እኔ ያን ጊዜ ባለቤቴ ሞቶብኝ ከወንድሜ ቤት የምኖር፣ በቦንጋ ከተማ የማስተምር መምህርት ነበርኩ። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። በግቢያችን ድንኳን የሚያስተክል ደልዳላ ቦታ መለኪያው ያለበት ብቻ ነበር። ዕቃው የማይነካ መሆኑን የማያውቅ የለምና፣ ሳይነቅሉት፣ ሳያንቀሳቅሱት፣ በጥንቃቄ ሸራውን ከላዩ ዘረጉ። ዙሪያውንም አግዳሚ ደረደሩ። ለቀስተኛ እግሩን እየሰበሰበ አጠገቡ ተቀመጠ። ዘመድ ከቢታ ገነትና ከዋጫ እየተከታተለ ስለመጣ ድንኳኑ ሰባት ቀን ቆየ።

በመጀመሪያው ጠዋት ወንድሜ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ተሾመች፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዝናቡን እይልኝ፤ ያየሽውን ጻፊ» አሉኝ። ያን ቀን ከአፋቸው የወጣው ይኸው ብቻ ነው። እኔም ገብቼ አየሁ፤ ባዶ ነው። ዜሮ ጻፍኩ። በማግስቱም፣ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስም እንዲሁ። ሐምሌ ነው፤ ሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ንግግር አያሰማም። እኔ ከሸራው ሥር ቆሜ ዜሮ እጽፋለሁ። መምህርት ነኝ፣ ልጆች አስተምራለሁ፤ ግን የሔርሜላ ደብተሮች ገና ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፣ ጭንቅላቴ ሥራውን ትቶ ነበር። ያየሁትን ጻፍኩ። ወሩ ሲያልቅ ወንድሜ ቁጥሩን ሳያስተውሉት ወደ ቅጹ ገልብጠው ፈረሙ። ዜሮ ደግሞ የማንም እጅ ቢጽፈው አንድ ነው።

ሰባት ዓመት ማንም አላየውም። በ2010 ዓ.ም. ዶክተር ዝማሬ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ወደ ጣቢያው መጡና የዝናቡን መዝገብ ከወንዙ መዝገብ ጋር ማስተያየት ጀመሩ። የወንዙን ከፍታ የሚያነቡት የወንድሜ የሥራ ባልደረባ አቶ ሰሚር ነበሩ። በእነዚያ ሰባት ቀናት ወንዙ በየቀኑ ሲሞላ ተመዝግቧል፤ የወንድሜ መዝገብ ደግሞ ጠብታ አልወረደም ይላል። ዶክተሯ ጥያቄውን ማንሳታቸው ተገቢ ነበር፤ ወንድሜም እስኪሞቱ ድረስ «ትክክል ናት» ይሉ ነበር። ጉዳዩን ለማጣራት ከሌላ ቦታ የገምጋሚዎች ቡድን መጣ። መለኪያውን ሳያዩ ከቤት ተቀምጠው ጽፈው እንደሆነ ጠየቋቸው። ወንድሜ የመለሱት «መዝገቡ የእኔ ነው፤ ፊርማውም የእኔ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት መጥተው መለኪያው አጠገብ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ጠሩኝና ድንኳኑ የት እንደነበረ ጠየቁኝ። እዚሁ ነበር አልኳቸው። እንዳልኩም ሁሉም ነገር ታየኝ፤ እርሳቸውም መሬት ላይ ተቀመጡ። «ጋሼ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

«አንቺማ ያየሽውን ጻፍሽ» አሉኝ። «መመርመር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ያንን ሳምንት ማየት አቃተኝ። የልጄን ድንኳን ኮሚቴ ፊት ማስረጃ አድርጌ አላቀርብም። ሰዉ ሊያጽናናኝ ነው የተከለው፤ ሥራዬን አበላሻችሁብኝ ልበለው? በሕይወት እስካለሁ ይህ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አንድ ሳምንት አኮረፍኩ። አልሆነም። ገምጋሚዎቹ አንድ ሳምንት በፈጠራ ከተጻፈ ሌላውም አይታመንም ብለው የሃያ ስድስት ዓመቱን የዝናብ መዝገብ በሙሉ ከጥናቱ አወጡት። ዝናቡ የማይታወቅ የችግኝ ቁመት ብቻውን ምንም ስለማይናገር የቡናው ሙከራም በዓመቱ ተዘጋ። ታርጋዎቹ ተለቅመው በጆንያ መጡ። የተረከቧቸውም ወንድሜ ናቸው፤ ከመስክ ወደ ንብረት ክፍል ተዛውረው ነበርና። በ2013 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጡ ድረስ አካፋና ቦት ጫማ ሲያወጡና ሲያስገቡ ቆዩ። በየገበያው «ቁጥር ፈጣሪው» የሚል ቃል ሲከተላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እውነቱን እያወቅሁ ዝም ማለቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መለኪያው ከግቢያችን ተነቅሎ ከተወሰደ በኋላ አንድ ሌላ ገዝተው በቦታው ተከሉ። ማንም የማይጠይቃቸውን ዝናብ ለስምንት ዓመት በየጠዋቱ ለኩ። ለምን እንደሚደክሙ ብጠይቃቸው፣ ሳይለኩ መዋል እንደማይሆንላቸው ነገሩኝ።

አቶ ሰብሃት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በቦንጋና በጅማ ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለፈው ታኅሣሥ ዶክተር ዝማሬ ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። ዶክተሯ ሲያለቅሱ ሳይ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ወንድሜ ከትራሳቸው ሳይነሱ እጃቸውን አንስተው ከለከሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ሰብሃት ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅዬ ተሰማ፣ በቢታ ገነት በነርስነት የምታገለግለው ልጃቸው ኑኃሚን፣ መምህሩ ልጃቸው ሚሊዮን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ እህታቸው ቀርተናል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የሚገነዙበትን ልብስ ስፈልግ የ2003ን ደብተር ሣጥናቸው ውስጥ አገኘሁት። ሐምሌን ገለጥኩ። ሰባቱ ዜሮዎች እንዳሉ ናቸው፤ አልሰረዟቸውም፣ በግምትም ሌላ ቁጥር አልተኩባቸውም። በየዜሮው ጎን ግን በእርሳስ «አልተለካም» ብለው ጽፈው በሰባቱም ላይ ፈርመዋል። ከፊርማው ሥር ያለው ቀን የ2010 ነው። የእኔን ስም ፈልጌ የትም አጣሁት።

የእድራችን ሰዎች ሆይ፣ ድንኳኑን በፍቅር ተክላችኋል፤ ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ አላዘኑባችሁም። እንዳትሰሙ የከለከሉኝ ለእናንተ አስበው ነው። የከለከሉኝ ግን በሕይወት እስካሉ ነበር። ዶክተር ዝማሬ እዚህ በመካከላችን አሉ። ይህ ጽሑፍ ተነብቦ ሲያበቃ ደብተሩን በእጃቸው እሰጣለሁ። ከወንድሜ ፊርማ ሥር በእርሳስ እንዲህ ብዬ ጽፌበታለሁ፦ «እነዚህን ሰባት ቀናት የጻፍኩት፣ በድንኳን ሥር፣ እኔ ተሾመች አባተ ነኝ። የቀረውን ሁሉ ሰብሃት አባተ ለክተውታል።»

ልጃቸውን ሔርሜላን የተቀበለ አምላክ እርሳቸውንም በአጠገቧ ያሳርፍልን፤ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።