የፈታኋቸው ስልሳ ብሎኖች

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ጉልበትህስ ተሻለህ? የእህቴ ልጆች አስቸገሩህ ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ አስቸጋሪው አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። ስልክ ብደውልም ስለማትሰማኝ እንደ ልማዳችን በወረቀት መጣሁ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ንዴቴን ግን አልደብቅህም።

አንተ ሃያ ሰባት ዓመት ላሜራ የቀጠቀጥክበት ግቢ አሁን አምቡላንስ መሥራት ጀምሯል። መኪናው ይቅለል ብለን ግድግዳውን አሳሳነው። ስስ ግድግዳ ደግሞ መንገድ ላይ ያጓራል፤ ከኋላ የምትቀመጠው ነርስ የበሽተኛውን ትንፋሽ መስማት አቃታት። መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ልኩራ እንጂ አባዬ! ግድግዳው ውስጥ ስልሳ ትንንሽ ብረቶች በጎማ ላይ አስቀመጥኩ። ግድግዳው ሊንቀጠቀጥ ሲል በእሱ ፈንታ እነሱ ይወዛወዛሉ፣ እሱ ጸጥ ይላል። ሁሉም ተደምረው የአራስ ልጅ ክብደት አያህሉም። የሞከርነው ቀን ቀለም ቀቢያችን በሽተኛ ሆኖ ተኛ፤ ነርሷ በጉዞ ላይ የልቡን ምት ቆጠረችለት። እሱማ በሕይወት መኖሬ ተረጋገጠ እያለ ሲቀልድ ዋለ።

ሥራ አስኪያጁን ከኋላው «አጥብቁ» እንለዋለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እስካሁን አልሰማም። መጣና አንዷን ብረት በጣቱ ነካ ሲያደርጋት ተወዛወዘች። ገዢ ቢያይ የላላ ሥራ ነው ይለናል ብሎ፣ እኔ በሌለሁበት ስልሳውንም በብሎን ጥርቅም አድርጎ አሳሰረ። ግድግዳው እንደገና ማጓራት ጀመረ። ይባስ ብሎ፣ ከመታሰራቸው በፊት የለካሁትን ውጤት ለታሰረው መኪና ፈርሚለት አለኝ። ዓይኔ እያየ አልፈርምም አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባትሽም በጊዜው ፈርሞ ነበር፣ ማንም አልሞተም አለኝ።

መዝገብ ቤት ገብቼ አንተ የፈረምክበትን ወረቀት አየሁት። «ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ደካማ ነው፣ ሥራው አልጎዳኝም» ይላል። እኔ ሕፃን ሆኜ ሳለቅስ ከጎረቤት ቤት ሰምተህ ትሮጥ እንደነበር እናቴ ስንት ጊዜ አውርታኛለች። ወረቀቱን ወደ ቦታው መለስኩት። አራት ልጅ በያዘ ሰው ላይ አልፈርድም፣ አባዬ። እኔን ግን የሚይዙበት ነገር የለም።

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ መፍቻ ይዤ ገባሁና ስልሳውንም ብሎን ፈታሁ። ቀለም ቀቢው ባልዲ ያዘልኝ። እንደገና ለካሁና ሥራ አስኪያጁን፣ አሁን እፈርማለሁ አልኩት። ተሰናብተሻል አለኝ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ አስረከብኩትና ወጣሁ። መኪናው ብሎኖቹ ሳይመለሱበት፣ ጸጥ እንዳለ ዛሬ ጠዋት ለሆስፒታሉ ተሰጥቷል፤ ነርሷ ራሷ መጥታ ነገረችኝ። አልቆጨኝም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ባዶ ወረቀት ይዤልህ እመጣለሁ። እውነቱን ብትጽፍበት እሰማሃለሁ፤ ባትጽፍበትም አባቴ ነህ።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ቤትህን ሰላም ያድርግልኝ።

እምቢ ባይዋ ልጅህ